መርከብ የሚጠይቅ ጨዋታ

ጓደኛዬን የወደቡ በር ላይ እንደያዙት የነገረኝ አንድ የተሳቢ ሾፌር ነው። የጭነት ተራውን እየጠበቀ በሩ አጠገብ ቆሞ ያየውን ሊነግረኝ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ በእግሩ እስከ ቤቴ ድረስ መጥቷል። አሰብ ውስጥ ከቀትር በኋላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ጉዳይ የጸናበት ሰው ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ደጃፌ ላይ ሳየው ወሬው ደግ እንዳልሆነ ገመትሁ።

«ጋሼ፣ ያንን ትራንዚተር ወዳጅዎን አስገቡት» አለኝ።

«የት አስገቡት?»

«ጥበቃ ቢሮ ነዋ! ሌላ የት ይገባል? የወደብ መግቢያ ፓሱን ላሳይ ብሎ ሲያወጣ ከላስቲኩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ዘበኛው አነሣው። ቁጥር በቁጥር ነው፤ እኔ እንኳ የቶምቦላ ወረቀት መስሎኝ ሣቅሁ። ዘበኛው ግን አልሣቀም።»

«ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ሰማህ?»

«አንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበዋ! ‹ከመብራቱ ሥር የምትቆመው ግራጫዋ› ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ‹አንተ ምን ታያለህ?› አለኝ። ምን አያለሁ? ጎማዬን አየሁ።»

ወረቀቱን ዐውቀዋለሁ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሾፌሩ ውኃ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። በዜና ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ አንድ ልማድ አፍርቻለሁ፦ ነገር ሲከፋ የማውቀውን ከማላውቀው እለያለሁ። የማውቀው፣ ጓደኛዬ መያዙን፣ ወረቀቱ በእጃቸው መሆኑንና የእጅ ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ነው። የማላውቀው፣ ወረቀቱን ምን ብለው እንዳነበቡትና እሱ ማን ጻፈው ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንዳለ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስለይ ልቤ ይረጋል። ያን ቀን አልረጋም። ጠረጴዛዬ ላይ የመርከቦችን መምጫና መሄጃ የምጽፍባቸው ወረቀቶች ተከምረዋል፤ በዚያው እጅ፣ በዚያው እስክሪብቶ።

አሰብ የሌላ አገር ሆና ኢትዮጵያ ገና በወደቧ በምትጠቀምበት በዚያ ዘመን፣ እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የወደቡን ዜና የምልክ ሰው ነበርሁ። የትኛዋ መርከብ ገባች፣ ምን አራገፈች፣ ስንት ተሳቢ ጭኖ ወጣ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነበር። የደሴ ልጅ ነው። የሚሠራበት ድርጅት በወደቡ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችው፤ ክፍሏ ውስጥ የሚያጉረመርም ኮንዲሽነርና አንድ ኮምፒዩተር አሉ። ከተማው በሙቀት ተኝቶ በሚውልበት የከሰዓት ዕረፍት እኔና እሱ እዚያ ገብተን እንቀዘቅዝ ነበር።

ጨዋታው የመጣው በስንዴ መርከብ ነው። የመርከቧ መካኒክ፣ ጓደኛዬ ሰነድ ሊያስፈርም ሲገባ ያገኘው ሳቂታ የውጭ አገር ሰው፣ በፍሎፒ ዲስክ ያለ የባሕር ጦርነት የኮምፒዩተር ጨዋታ አዋሰን፤ መርከቧ እስክትሄድ ድረስ። ፍሎፒዎቹን መገልበጥ ቀላል ነበር። አሰብ ውስጥ ጨዋታ የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ መገልበጥ ነውር ነው ብሎ የሚያስብ ሰውም አልነበረም። ያስቸገረው መጽሐፉ ነው።

ጨዋታው ሲከፈት ወዲያው አያጫውትም። ስክሪኑ ላይ የአንዲት መርከብ ጥቁር ጥላ ያወጣና ቁጥሯን ይጠይቃል። ቁጥሩ አብሮ በተሸጠው መጽሐፍ ውስጥ፣ በጥላዎቹ ሥር ተጽፏል። ሦስት ጊዜ የሳተ ይባረራል። ያልገዛ ሰው እንዳይጫወት የተደረገ ነው። መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ይዘን ሄድን። ገጾቹ እንደ ደም የጠቆረ ቀይ ናቸው፤ ጽሑፉ ጥቁር ነው። ከማሽኑ የወጣልን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ከሰል ነበር። ለመካኒኩ ስናሳየው ሆዱን ይዞ ሣቀ።

«ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት» አለን። «እኔ በገንዘቤ የገዛሁት ሰውዬ እንኳ በከፈትሁት ቁጥር እንደ ሌባ እጠየቃለሁ። መጽሐፉ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ጨዋታዬም አብሮ ሰጠመ ማለት ነው። ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የማይታይ ምልክት ያስቀምጣል ይላሉ፤ የትኛው ማሽን እንደሆነ እንዲያውቅ።»

የማይታየውን ምልክት የዚያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። እኔ መጽሐፉን በእጄ ልገለብጥ ተቀመጥሁ። ሥዕል ግን አልችልም። ጀልባ ልሣል ብል ጫማ ነው የሚወጣኝ። ስለዚህ ወደብ የለመደ ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረግሁ፦ እያንዳንዱን ጥላ በዚያ ሳምንት ወደቡ ላይ ቆማ ከነበረች መርከብ ጋር እያመሳሰልሁ ጻፍሁ። «ስንዴ ያራገፈችው፣ ባለ ሁለት ክሬን» እልና ቁጥሯን አስከትላለሁ። «ነዳጅ ጫኟ፣ ቂጠ ሰፊዋ።» «ማዳበሪያ ያመጣችው፣ አፍንጫዋ ቀና ያለው።» ጓደኛዬ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ «ቂጠ ሰፊዋን ከሥሯ አስምርባት» እያለ ይስቅ ነበር። አንዷ ትንሽ የጦር መርከብ ወደቡን የምትጠብቀውን ቃፊር ጀልባ ስለመሰለችኝ «ከመብራቱ ሥር የምትቆመው ግራጫዋ» ብዬ ጻፍሁ። የሁለታችንም ዐይን በየቀኑ የሚያያት ጀልባ ናት። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መግለጫ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ግን ከባሕሩ ማዶ ካለው አገር ጋር በደሴቶች ሰበብ ተኩስ ተከፈተ። የወደቡ በር ጠባይ ተለወጠ። ዘበኞቹ በዙ፤ «ሰላም አለይኩም» ብሎ ማለፍ ቀረ፤ ቦርሳ ይበረበራል። ጓደኛዬ ወረቀቱን በፓሱ ላስቲክ ውስጥ እንዳጠፈው ነበር። ጨዋታው በከፈቱት ቁጥር ስለሚጠይቅ ወረቀቱ ከእሱ አይለይም። የተጻፈው ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስል አላሰበም። እኔም አላሰብሁም።

ከቤቴ ወጥቼ በቀጥታ የሄድሁት ወደ ሚስቱ ነው። መምህርት ናት፤ አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች፤ አማርኛ፣ ትግርኛና ዐፋርኛ በአንድ ትንፋሽ የምትናገር። የእሱ የመኖሪያ ፈቃድ በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ሥራው ደግሞ በፓሱ ላይ። ፓሱን ከቀሙት በተሳቢ ጭነው ቡሬ ድንበር ላይ ያራግፉታል። ይህን ልነግራት ስጀምር ከእኔ ቀድማ ጨርሳው ነበር።

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«እሱስ ምን አደረገ?»

«ያዘው።»

«አንተ ትጽፋለህ፣ እሱ ይይዛል! መቼም ሥራ ተከፋፍላችኋል።» ነጠላዋን እያነሣች ነበር። «እሱን ቡሬ ላይ አውርደው ‹በል ሂድ› ቢሉት፣ እናቴን ይዤ የት ነው የምሄደው? እናቴ እኮ ከአሰብ ወጥታ አታውቅም፤ ደጋ ብትወጣ በብርድ ነው የምትሞትብኝ። እናቴን ትቼስ እንዴት እከተለዋለሁ? ጨዋታ! ሁለት የሸበታችሁ ሰዎች!»

ወደ ጥበቃ ቢሮው ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሙሉ እኔ ለባለሥልጣኑ የምለውን በሆዴ አዘጋጅ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ እውነት ነው፣ ሲያያዝ ግን ውሸት ይመስላል። በእነሱ ዐይን ሲታይ፣ ሁለት ሰዎች መርከቦችን ከነቆሙበት ቦታ ጽፈዋል። ከእያንዳንዷ ጎን ቁጥር አለ። ጸሐፊው በየቀኑ ስለ መርከብ ወደ ሌላ አገር የሚልክ ጋዜጠኛ ነው። እኔ ራሴ ይህን ዜና ባገኝ ከመላክ አልመለስም ነበር።

ሚስቱን በር ላይ አስቀሯት፤ እኔን አስገቡኝ። የጥበቃው ኃላፊ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሺዳ የሚሉትን የላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ታጋዮች እንደሚያደርጉት ሁሉንም «አንተ» ይላል። አማርኛው ከእኔ የጠራ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ አንዱ ጫፉ ነፋስ እንዳይወስደው የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። ጓደኛዬ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ነው። ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ለምን መጣህ ማለቱ ነው።

«ይኼ ሰው ወረቀቱን ማን እንደጻፈው አልናገርም አለኝ» አለ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልሁት።

ጓደኛዬ ዐይኑን ጨፈነ።

«መልካም። መርከብ ለምን ትቆጥራለህ?»

«አልቆጠርሁም። ጨዋታ ነው።» ከዚያ ስለ መካኒኩ፣ ስለ ቀዩ መጽሐፍ፣ ስለ ጥላዎቹ ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ይህ የበለጠ አስፈራኝ፤ የማያቋርጥ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

«ቆይ» አለ ስጨርስ። «የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወታደር ነው። ሰው ሊጫወት ተቀምጦ ማን ነህ ተብሎ የሚጠየቀው በየት አገር ነው?»

«የሠሩት ሰዎች ያልገዛ እንዳይጫወት ብለው ነው።»

«የገዛውስ አይጠየቅም?»

«እሱም ይጠየቃል።»

«የገዛውም ያልገዛውም እኩል ከተጠየቀ፣ መጠየቁ ምን ይሠራል?» ወረቀቱን አነሣ። «ተነሡ። አሳዩኝ።»

በግቢው ውስጥ ወደ ጓደኛዬ ቢሮ ስንሄድ ሁለት ዘበኞች ከኋላችን ነበሩ። ክፍሏ ውስጥ ስንገባ ጓደኛዬ ኮምፒዩተሩን አበራ። የሆነ ነገር ሊለኝ ዞር ሲል ኃላፊው «ወደፊት» አለው፤ ወደ ፊቱ ዞረ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ጥላ ወጣች።

ጓደኛዬ ለወረቀቱ እጁን ዘረጋ። ኃላፊው አልሰጠውም።

«ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ። እኔ አነባለሁ፤ አንተ ትመታለህ።»

ጥላዋ ባለ ሁለት ክሬን ነበረች። ኃላፊው ወረቀቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ። «ስንዴ ያራገፈችው» አለ ለራሱ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ስንዴ ያራገፈችው ክሬኗ ሦስት ነው። ትናንት ራሴ ነበርሁ የቆምሁባት። ይቺ አይደለችም።»

«እሷ ሌላ ናት፤ ይኼ የተጻፈው የዚያን ጊዜዋን...» ማለት ጀመርሁ።

«አንተን አልጠየቅሁም።» ሌላ መስመር መረጠና ቁጥሩን ጠራ። ጓደኛዬ መታ። ስክሪኑ ቀላ። አንዱ ዕድል ሄደ።

ሁለተኛዋ ነዳጅ ጫኝ ነበረች። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «የትኛዋ ናት?» አለ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነዳጅ ጫኞች አሉ፤ አንዷ «ቂጠ ሰፊዋ»፣ አንዷ «ጭስ ማውጫዋ አጭር»። የገዛ እጄን ጽሑፍ እያየሁ የትኛዋን ማለቴ እንደነበር ጠፋኝ። ጥላ ሁሉ ቂጡ ሰፊ ነው። «ቂጠ ሰፊዋ» አልሁ። ከዘበኞቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሣቀና አፉን ያዘ። ጓደኛዬ መታ። እንደገና ቀላ።

ሦስተኛዋ ወጣች። ትንሽ፣ ሹል፣ ከፊቷ መድፍ ያላት የጦር መርከብ። የትኛው መስመር እንደሆነ ሁላችንም ዐውቀናል። የያዙንም በእሱ ነው። እዚህ ላይ በልክ ላስቀምጠው፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ጨዋታው ይከፈትና እንተርፋለን። ስሕተት ከሆነ፣ ስለ ቃፊር ጀልባው የጻፍሁት መስመር ከየትም ጨዋታ ጋር የማይገናኝ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ቁጥር የያዘ መስመር ሆኖ ይቀራል።

«‹ከመብራቱ ሥር የምትቆመው ግራጫዋ›» ብሎ ኃላፊው ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው። የጓደኛዬ ደረት ላብ ወራቱን ሙሉ በላስቲኩ ገብቶ ቀለሙን አጥቦታል። «ሰባት ነው ወይስ አንድ?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ «ሰባት» ብሎ ወሰነ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ሳያይ መታው።

ስክሪኑ ጠፋ። ጨዋታው ወጥቶ ሄደ፤ በጥቁሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሦስት መስመሮች ብቻ ቀሩ። እስከዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ስተን ስለማናውቅ አይተናቸው አናውቅም። ጓደኛዬ ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ላይ አኖረ። ተይዞ የሚሄድ ሰው አቀማመጥ ነበር።

ኃላፊው ጓደኛዬን ከአንዱ ዘበኛ ጋር አስወጥቶ «ምን ይላል?» አለኝ።

አነበብሁለት። «‹መጽሐፉ በእጅህ የለም። ይህን ጨዋታ የሰረቅህ ሌባ ነህ። የሠሩት ሰዎች የሚበሉት ከዚህ ነውና ሄደህ ግዛ› ይላል።»

«ውጣ» አለኝ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ እኔን አስወጣና ጓደኛዬን አስገባው። በመስታወቱ በኩል ጓደኛዬ ስክሪኑን እያሳየ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚለው አልተሰማኝም። አንድን ነገር ከሁለት ሰው ለየብቻ መስማት የእኔም ሥራ ስለሆነ ሰውዬው የሚያደርገው ገባኝ። አንዲት ቃል ብትለያይብንስ? «ሰረቅህ» ያልሁትን እሱ ፈርቶ «ወሰድህ» ብሎ ቢያለሰልሰውስ? ፀሐዩ ላይ ቆሜ ከንፈሩን ላነብ ሞከርሁ።

መልሰው ሲያስገቡኝ ኃላፊው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ያው ነው ያለኝ» አለ። «ሌባ ይላችኋል። ሰላይ የላከ ሰው የገዛ ሰላዩን ሌባ ብሎ አይሰድብም።» ፊቱ ላይ ሣቅ አልነበረም። «ሰላይ ብዬ የያዝሁት ሌባ ሆኖ ተገኘ። የጨዋታ ሌባ። ይኼን በየትኛው ሕግ እንደምጠይቅ አላውቅም። አጥፋው።»

ጓደኛዬ ጨዋታውን አንድ በአንድ ከማሽኑ ሰረዘ።

«ጠፋ?»

«የሚታየው ጠፍቷል» አለ ጓደኛዬ።

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ልረግጠው ፈለግሁ፤ አልደረስሁበትም። ኃላፊው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«የማይታየውስ?»

«ምልክት ያስቀምጣል ብለውን ነበር፤ ማሽኑን እንዲያውቅበት። እኔ የት እንዳለ አላውቅም። ልሰርዘው አልችልም።»

«እዚህ ወደብ ውስጥ፣ እዚህ ማሽን ውስጥ፣ እናንተም እኔም የማናየው ነገር አስቀምጧል ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ማን ፈቅዶለት?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ከሚያውቁ ሰዎች ከአንድም ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ትከሻቸውን ሰበቁ እንጂ የመለሰልኝ የለም። ያን ጊዜ ኃላፊው ፓሱን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶግራፉን ከጓደኛዬ ፊት ጋር እያስተያየ ብዙ ቆየ። እኔ ቡሬን ነበር የማየው፤ ሚስቱን፣ እናቷን። በመጨረሻ ፓሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለለት።

«አንተ ሂድ። ማሽኑ እዚህ ይቆያል። በውስጡ ያለው ነገር እስኪታወቅ አይፈታም።»

ዘበኞቹ ኮምፒዩተሩን በሲባጎ ጠፍረው ተሸክመው ከፊታችን ወጡ። ሚስቱ ከበሩ ውጭ በመጋዘኑ ጥላ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑን አየች፣ ከዚያ ባሏን፣ ከዚያ በእጁ ያለውን ፓስ። ቀርባ ፓሱን ከእጁ ወሰደችና ገልጣ አየችው። አጠፈችው።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

«ጨረስን» አልሁ።

«ማን አሸነፈ?»

ባሏ ሊስቅ ሞከረ፤ አፉ ግን አልታዘዘውም። እሷም ክንዱን ይዛ ወደ ታክሲው ወሰደችው።

ማሽኑ እኔ አሰብ እስካለሁ ድረስ አልተመለሰም። የድርጅቱ ሥራ ወደ ታይፕ ተመለሰ፤ አለቃው ተቆጣ፣ ቆይቶ ረሳው። ጓደኛዬ ግን አልረሳም። ማሽኑ ውስጥ ጨዋታው ያስቀመጠው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ምን ሊመስል እንደሚችል፣ ስሙ ይኑርበት አይኑርበት፣ አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ምን ብሎ እንደሚያነበው አያውቅም። ቀን ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ይውላል። አንድ ዘበኛ ትንሽ ረዘም አድርጎ ካየው፣ ወይም አዲስ ኃላፊ መጣ ከተባለ፣ ማታ እኔ ዘንድ ይመጣና ሳይቀመጥ ይጠይቀኛል።

«ያገኙት ይመስልሃል?»

«ምንም የለም እኮ» እለዋለሁ።

«በምን ዐወቅህ?»

አላውቅም ነበር። ያልተረጋገጠ ነገር ከእጄ አይወጣም ስል የኖርሁ ሰው «ዐውቃለሁ» እለው ነበር።